ከማኅበሩ ካልተስማሙ መውጣት ወይስ መቆየት?

የክርክሩ መነሻ ሩቅ አገር ነው። የአውሮፓ መኪና አምራቾች ማኅበር፣ በምኅጻሩ አሴአ፣ ከአንዳንድ አባላቱ ጋር በልቀት ሕግ፣ ማለትም ከመኪና የሚወጣውን ጭስ በሚገድበው ሕግ፣ ምክንያት ተጣልቶ ነበር። በጽሑፍ የሚከራከሩት ግን የደብረ ብርሃን ሰዎች ናቸው። አንዱ መምህር ነው። ሌላው ሸዋ ሮቢት ድረስ የሚሠራ አባዱላ ያላቸው፣ የባለንብረቶች ማኅበር አባል ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መምህሩ፦ ማኅበር የሚናገረው ከሁሉም ወደ ኋላ በቀረው አባል ልክ ነው። ቮልቮ ይህን አይቶ በ2022 ሐምሌ ከአሴአ እወጣለሁ አለ። እሱ በ2030 ኤሌክትሪክ ብቻ ልሸጥ ብሎ ተነስቷል። መዋጮ የሚከፍልለት ማኅበር ደግሞ የአውሮፓ ሕግ በሚወጣበት በብራስልስ ቀስ በሉ እያለ ይለምናል። በገዛ ገንዘብህ የሚከራከርህን ምን ትለዋለህ? አውስትራሊያም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ2024 መንግሥት የአዲስ መኪኖችን ልቀት ሊገድብ ሲነሳ የአምራቾቹ ማኅበር ዋጋ ይንራል ብሎ አገር አስደነገጠ። የኤሌክትሪክ መኪና አምራቾቹ ቴስላና ፖልስታር ጥለውት ወጡ። ቴስላማ የማኅበሩን ወሬ ሐሰት ነው ብላ በአደባባይ ተናገረች። እነዚህ ለኅሊናቸው ሲሉ የወጡ ናቸው። መዋጮ እየከፈሉ ማጉረምረም የእኛ በሽታ ነው።

ባለ አባዱላው፦ መምህር፣ «ለኅሊናቸው» ያልከው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ቮልቮ በ2024 መስከረም ምን አለ? በ2030 ኤሌክትሪክ ብቻ የሚለውን ትቻለሁ፣ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ የሚያጣምረውን ሃይብሪድም እሸጣለሁ አለ። ኅሊና ጎማ ነው እንዴ በሁለት ዓመት የሚያልቀው? የፔጆና የፊያት አምራች ስቴላንቲስም በ2022 እወጣለሁ ብሎ ወጣ። አለቃው ካርሎስ ታቫሬዝ በ2024 መጨረሻ ሲለቁ ኩባንያው በ2025 መጀመሪያ ወደ አሴአ ተመለሰ። ቴስላስ? ኤሌክትሪክ ብቻ የሚሸጥ ድርጅት ቤንዚን ላይ ሕግ ቢጠብቅ ምን ይጎዳል? ይነግድበታል እንጂ!

ፎርድን ተመልከት። በ2019 ሐምሌ ፎርድ፣ ሆንዳ፣ ቢኤምደብሊውና ፎልክስዋገን ከካሊፎርኒያ ጋር ለብቻቸው ተስማሙ። ልቀቱን ዋሽንግተን ልታላላው ካሰበችው በላይ እናጠብቃለን አሉ። ፎርድ ለዚህ ብሎ የአሜሪካ መኪና አምራቾችን ማኅበር አልለቀቀም። ወጉ ውስጥ ሆኖ መታገል ነው።

መምህሩ፦ ጋሼ፣ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ አንዲት ቃል መዘው ወጡ። ስለ ስቴላንቲስም የነገሩን ግማሹን ነው። በ2024 አሴአ የ2025ቱ የልቀት ልክ ይላላልን ሲል ታቫሬዝ እምቢ አሉ። ሕጉን ስንት ዓመት አውቀነዋል፣ ተዘጋጅተናል፣ አይነካ ነው ያሉት። በኪሎ ሜትር ከልኩ ለሚያልፍ እያንዳንዱ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንድ መኪና 95 ዩሮ ቅጣት አለ። የተዘጋጀው ላልተዘጋጀው ምሕረት የሚለምነው ለምንድን ነው? አሜሪካም የአየር ንብረት እርምጃን የሚቃወም የኩባንያዎች ኅብረት ነበር። ፎርድ በ1999 ታኅሣሥ ለቀቀ። ዳይምለር ክራይስለርና ጀነራል ሞተርስ በ2000 ተከተሉት። በ2002 ኅብረቱ ፈረሰ። ፎርድን ካነሱ አይቀር ይህንንም ያንሱልኝ።

ውስጥ ሆኖ መታገል ነው ያሉት? እስቲ በማኅበርዎ ስብሰባ ስለ ጭስ አንድ ቀን አንስተው ያውቃሉ? ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ቅጥቅጡ ሲነሳ ተማሪዎቼ በሹራባቸው አፍንጫቸውን ይዘው ነው የሚያልፉት።

ባለ አባዱላው፦ ስለ ብራስልስ ስናወራ ቆየን፣ አሁን ደግሞ ተከሳሹ እኔ ሆንኩ። ይሁን። የእኔ መኪና ቦሎ አላት። ቅጥቅጥም የለኝም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ጣርማ በር ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ሳስቷል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ናፍጣውን በደንብ አቃጥሎ አይጨርሰውም። የተረፈው ጠቁሮ ይወጣል። ለዚህ እኔን ታስወጣኛለህ?

ደግሞስ ብወጣ ታፔላ ማን ይሰጠኛል? ተራ ማን ያስይዘኛል? ባለ ኅሊናው ቮልቮ ብራስልስ ላይ ተራ አይጠብቅም። ቢወጣ የሚቀርበት ስብሰባ ነው። እኔ ብወጣ የሚቀርብኝ እንጀራ ነው። በደመወዝ የሚኖር ሰው ውጡ ማለት ይቀለዋል።

መምህሩ፦ ደመወዜን ባይነኩት ጥሩ ነበር፤ ቤንዚን እንኳ አይሞላም። አየር ሳሳ ማለትዎን ግን ወድጄዋለሁ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፤ ጣርማ በር ላይም ጉልበቱ ያው ነው። ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ደግሞ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ዛሬ እዚያ ቁልቁለት ላይ የሚሸተው የፍሬን ሸራ ነው። መብራታችን ከሞላ ጎደል የውሃ ነው። መንግሥትም በእኛ 2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። ነገ ወደ እናንተ መምጣቱ ይቀራል? ማኅበርዎ ግን ታሪፍ ታሪፍ ሲል ይውላል። አሴአም እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ባለ አባዱላው፦ አንተው እንዳልከው የተከለከለው የቤት መኪና ነው። ቁልቁለቱን ነገርከኝ፤ ዳገቱንስ? ከሸዋ ሮቢት ስመለስ ከቆላ ተነስቼ ከ1,700 ሜትር በላይ እወጣለሁ። ወንበሩ ሙሉ ነው፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ጆንያ አለ። ባትሪው ዳገቱ መሃል ቢያልቅ ተሳፋሪውን ምን ልበለው? የኅዳር ብርድ ላይስ? ብርድ ባትሪ እንደሚበላ አንተው ታስተምር የለ። መብራት ሲሄድስ?

ታሪፍ ታሪፍ አልክ። አዎ፣ እንላለን። ታሪፉ ሳይስተካከል አዲስ መኪና የሚገዛ የለም፣ ኤሌክትሪክም ቢሆን። ይህን የምናገረው አባል ስለሆንኩ ነው። ስለ ቻርጀርም ማንሳት ካለብኝ የማነሳው እዚያው ስብሰባ ላይ ነው። አንተም ብትፈልግ ናና ተናገር። አባል ያልሆነ ሰው ግን ከበር ይመለሳል።