ድንጋዩን የጋረድነው እኛ

የባሕር ዳር ሰው ድንጋይ ፎቶ አያነሣም፤ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይነሣል እንጂ። ይህን የሚጠራጠር ካለ በዘመዶቹ ስልክ ውስጥ ያሉትን የጣና ዳርቻ ምስሎች ያገላብጥና የአንድ ጥቁር ድንጋይ ሙሉ መልክ ይፈልግ። ከትከሻ በላይ ጥቂት ሰማይ፣ በብብት ሥር ጥቂት ሐይቅ ያገኝ ይሆናል፤ ድንጋዩ ግን ከነግርማው ከጫማ በታች ውሏል።

በሰሜን አየርላንድ ጠረፍ፣ ጃየንትስ ኮዝዌይ በሚባለው ስፍራ፣ 40,000 ያህል የባዛልት ዓምዶች፣ አብዛኞቹ ባለ ስድስት ጎን ሆነው፣ እርስ በርስ ተጠጋግተው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። ከ50 ሚሊዮን ዓመታት በላይ አስቀድሞ የፈሰሰው ቅልጥ አለት እየቀዘቀዘ ሲኮማተር በመሰነጣጠቁ የተፈጠሩ ናቸው። ፎቶ አንሺዎች ጎሕ ሳይቀድ ደርሰው፣ ካሜራቸውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አኑረው፣ ብርሃኑ ከጎን መጥቶ የየዓምዱን ጠርዝ እስኪለይላቸው ይጠብቃሉ። ይህን ምስል ለአጎቴ ባሳየኋቸው ጊዜ መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ ካጤኑ በኋላ፣ «ይህ ሁሉ ጥርብ ድንጋይ ባለቤት የለውም? የስንቱን ሰው አጥር ይወጣ ነበር!» አሉ። በአጎቴ መፍረድ አይቻልም፤ ከዚያው ከባዛልት ወገን የሆነው የእኛ ድንጋይም በከተማችን የሚታወቀው በአጥርነቱና በቤት መሠረትነቱ ነው።

የሰርግ ወቅት ሲመጣ ግን ድንጋዩ ማዕረግ ያገኛል። ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን ከሐይቁ ዳር ቋጥኝ ላይ አውጥቶ ሙሽራውን «ወደ ሩቅ ተመልከት፤ እያሰብህ!» ይለዋል፤ ሙሽራውም፣ ምናልባት የድንኳኑን ኪራይ እያሰበ፣ ወደ ሩቅ ይመለከታል። በዚህ መካከል ቅልጡ አለት ሲረጋ ጋዝ የተወለት ሸካራ ቀዳዳ የቬሎውን ጫፍ ይይዝና ሚዜዎቹ ተንበርክከው ጨርቅ ማላቀቅ ይጀምራሉ። ከመላው ሰርገኛ መካከል ድንጋዩን ቀረብ ብለው የሚያዩት እነዚህ ሚዜዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የሚያዩት እየረገሙ ነው።

ዋናው ትዕይንት ያለው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጢስ ዓባይ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቤተሰቡ በሙሉ ለጉዞ ይነሣል። የማለዳው ፀሐይ ዝቅ ብሎ የገደሉን እጥፋት አንድ በአንድ በሚገልጥበት ሰዓት ቤት ውስጥ ቡና ይፈላል፤ ቡናው ሦስተኛው ሳይጠጣ አይወጣም፤ ከዚያ ዓሣ ይበላል፤ ከዚያም ፀሐይ አናት ላይ ቆማ አለቱን ሁሉ ጥላ ስታሳጣውና ጠፍጣፋ ስታስመስለው ከስፍራው ይደረሳል። «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ!» ይባላል። መጀመሪያ ሽማግሌዎች፣ ቀጥሎ ሁሉም በአንድነት፣ ከዚያ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ፣ በመጨረሻም የተኳረፉት ሁለት እህትማማቾች ሳይቀሩ ተቃቅፈው ይነሣሉ። ሁሉም አልቆ ሰው ሊበተን ሲል አንዷ ስልኳን ዘርግታ «በእኔም!» ስትል ሥርዓቱ ከሽማግሌዎቹ ጀምሮ እንደ አዲስ ይደገማል።

ውኃው ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው በሚዞርበት የበጋ ቀን ደግሞ ሐዘን ይሆናል። 45 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ገደል ንብርብሩንና ስንጥቁን ሁሉ አሳይቶ ይቆማል፤ ለድንጋይ ወዳጅ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። እንግዳው ግን «ውኃው የታለ?» እያለ አስጎብኚውን እንደ ተበዳሪ ያፋጥጠዋል። ይኼኔ አንድ አዋቂ ከቦርሳው አሮጌ የአንድ ብር ኖት አውጥቶ ጀርባውን ያሳያል፤ እዚያ ላይ ፏፏቴው እንደ ጥንቱ ይወርዳል። ሁሉም ተጽናንቶ ብሩን ከፍ አድርጎ ይዞ ፎቶ ያነሣዋል፤ እውነተኛው ገደል ከብሩ ጀርባ ደብዝዞ ይቀራል።

በማልታ፣ በጎዞ ደሴት ዳርቻ፣ ሰማያዊው መስኮት የሚባል የድንጋይ ቅስት ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 በማዕበል ተንዶ ባሕር ገባ። ጎብኚው ሁሉ ሲያነሣው ስለኖረ መልኩ አልጠፋም። የእኛ ገደል፣ ክፉውን ያርቅልንና፣ አንድ ቀን ቢናድ መልኩን አምጡ ስንባል የምናቀርበው ማስረጃ ሞልቶናል፦ አክስቴ በስተግራ፣ አክስቴ በስተቀኝ፣ አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ከመሃል። ከነጠላዋ ጥለት በላይ ብቅ ያለችው ጥቁር ነገር ገደሉ ትሁን የአጎቴ ባርኔጣ ግን ቤተሰቡ እስካሁን አልተስማማም።