በቴሌግራም የተላከ ሞተር

ሰሞኑን የመጣ አመል አለ። ሰውየው አሮጌ የናፍጣ ሃይሉክሱን ያስነሣል፣ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ጥቂት ሰከንድ ይቀዳና ለወዳጁ በቴሌግራም ይልካል። «ድምፁን ስማው እስቲ፣ ምን ይመስልሃል?» ወዳጅየው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ በጆሮው ሲጮህበት ያዳምጥና ያለ ምንም ማመንታት ይፈርዳል፦ «ኢንጀክተር ነው!» በቅጂው ውስጥ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የጎረቤት ውሻ ነው። ፍርዱ ግን ይግባኝ የለውም።

በማግስቱ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩት አራቱም ኢንጀክተሮች ይፈታሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይገጠማሉ፣ ይከፈልባቸዋል። መኪናው በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ አልነሣም ይላል። ይበል እንጂ! ናፍጣው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታንከሩ ሲመለስ ማን ጠየቀው? የናፍጣ ፊልትሮው አናት ላይ በእጅ የሚጫን ፓምፕ አለ። ማታ ሞተሩ ሲጠፋ እስኪጠነክር ይጫኑት፤ ጠዋት ከማስነሣት በፊት እንደገና ይሞክሩት። ልል ሆኖ ብዙ ጊዜ ከገባ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ከፊልትሮው ወደ ኢንጀክሽን ፓምፑ በሚሄደው መስመር ላይ ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ይግጠሙበት፤ አረፋ ሲያልፍ በዓይን ይታያል። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የላላ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ወይም የራሱ የእጅ ፓምፑ ላስቲክ ነው።

ፓምፑ ጠንክሮ ካደረና ሞተሩ ነጭ ጭስ እየተፋ፣ እያሳለ የሚነሣ ከሆነ ሞተሩን ከመነሣቱ በፊት ወደሚያሞቀው ካንዴሌታ ይሂዱ። አራቱን የሚያገናኘውን ቅጥልጥል ብረት ፈትቶ እያንዳንዱን በኦም ሜትር መለካት ነው፤ ጤነኛው ከ1 ኦም ብዙ አይርቅም፣ የተቃጠለው ምንም አያነብም። ሲቀየር ደግሞ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቮልት አይቶ ነው። ዝቅተኛ ቮልት ያለውን ካንዴሌታ በቀጥታ 12 ቮልት ላይ ያገናኘ ሰው ጫፉን ቀልጦ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ተወዳጅ ፍርድ «ባትሪ ነው» የሚለው ነው። የሚለካ የለም፤ ይገዛል! ሜትር ግን ከባትሪው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። አድሮ ጠዋት 12.6 ቮልት ያነበበ ባትሪ ሙሉ ነው፣ 12 አካባቢ ያነበበ ባዶ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካላነበበ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ወይም እሱን የሚያዞረውን ቺንጊያ ይጠርጥሩ። ሲያስነሡ ደግሞ የሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ያድርጉ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ቮልቱን እየበላ ነው። አረንጓዴ ባወጣ ማሰሪያ ላይ የታሰረ አዲስ ባትሪ በሣምንቱ «ፎርጂድ ነው የሸጡልኝ» ይባላል።

እዚህ ላይ ወጉ ቀርቶ ቂሙ ይጀምራል። ቴርሞስታት የሚባል የናስ ዕቃ አለ። ውስጡ ሰም ነው፤ ሰሙ ሲሞቅ ያብጥና ለውሃው በር ይከፍታል። መኪና ሞቀ ሲባል የብዙ ጋራዦች የመጀመሪያ ሕክምና ይህን አውጥቶ መጣል ነው። «ይሄ ለፈረንጅ በረዶ ነው፣ ለኛ አገር ምን ይሠራል?» ይላሉ ጌቶች። በር ከሌለ ውሃው እንደ ልቡ ይሮጣል፣ ከሮጠ ይቀዘቅዛል ነው ሒሳቡ። ከዋናው በር ሥር ሁለተኛ ክዳን እንዳለ ግን ማንም አያይም። ሞተሩ ሲሞቅ ያ ክዳን በራዲያተር የማያልፈውን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከተጣለ አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል፣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳያይ ትኩሱን ወደ ሞተር ይመለሳል። እንግዲህ ያው መኪና ሱሉልታ ሜዳ ላይ በቅጡ ሳይሞቅ ናፍጣ ሲያባክን ይውላል፣ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ተጭኖ ወደ ደጀን ሲወጣ ይፈላል። ከዚያም «ይሄ መኪና ሙቀት አይችልም» ይባልበታል። ያልቻለውማ ሌላ ነው!

መፈተኛው ድስት ነው። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥሎ ከቴርሞሜትር ጋር ውሃ ውስጥ መክተት፤ 82 ከተጻፈበት በ82 ዲግሪ ገደማ መከፈት ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ 95 እስኪደርስ ልጠብቅ የሚል ሰው እራቱን ያጣል። ሲገጠም ትንሿ የአየር መውጫ ወደ ላይ ትሁን። የራዲያተሩ ክዳንም ሥራው መፍላቱን ማዘግየት ነው፤ ላዩ ላይ 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን ይዞ የመፍሊያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ ከደረቀ 92 ላይ ፈላ ማለት ነው። በቧንቧ ውሃ የሚሞሉትም ይስሙ፦ ኩላንት ለበረዶ ብቻ አልተሠራም፣ ዝገትን ይከላከላል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያለው ሰው ፒካፕ ባይነዳም ፒካፕ ነጂዎቹን ያውቃቸው ነበር። የተቀደደ ቱቦን በከመነዳሪ ቁራጭ ማሰር፣ የሚያንጠባጥብ ታንከርን በሳሙና መድፈን እስከሚቀጥለው ከተማ ድረስ ብልሃት ነው። ችግሩ ከተማው ሲደረስ ነው። ቁራጩ ዓመት በዓል ያሳልፋል፣ ቦሎ ያሳድሳል፣ ከመኪናው ጋር አብሮ ይሸጣል። የሚፈታው ደግሞ ሁልጊዜ ዳገት ላይ ነው። ከዚያ ቴስታታ፣ የሞተሩ ራስ! ቴስታታ መጎዳቱን ለማወቅ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ፣ እስከ አፉ ሞልቶ ማስነሣት ነው፤ አረፋው ካላቋረጠ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ላይኛው ቱቦ ገና ሳይሞቅ ከደነደነ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። እነዚህ የአሮጌ ሃይሉክስ የኤል ሞተሮች፣ 2ኤልም፣ 3ኤልም፣ 5ኤልም፣ በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮናቸው ሦስት ውፍረት አለው፤ ቢ፣ ዲ፣ ኤፍ የሚል ምልክት ጠርዙ ላይ ያለበት። የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ ብቅ ያለበት መጠን ተለክቶ ነው። «ያው ነው፣ ግጠመው» ያለ መካኒክ ካለ ቁልፉን ተቀብሎ መሄድ ነው። ታይሚንግ ቺንጊያውም 100,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይቀየር፤ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ወደ ተነሣንበት ድምፅ እንመለስ ከተባለ፣ ቴሌግራም በትክክል የሚያደርሰው አንድ ድምፅ አለ፦ ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚለው። ባትሪውና ገመዱ ተለክተው ደህና ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው የሞተሪኖው የመዳብ ኮንታክቶች አልቀዋል። ሙሉ ሞተሪኖ ለመግዛት መሮጥ አያስፈልግም። የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፣ ሞተሪኖው ይወርዳል፣ ከኋላ ያለው ክብ ክዳን በሦስት ባለ 8 ብሎን ይከፈታል። ውስጡ ሁለት መዳቦችና እነሱን የሚያገናኝ አንድ ፕለንጀር አሉ፤ አንደኛው መዳብ ከሌላው በልጦ ተቦርቡሮ ይገኛል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ላይሆኑ ስለሚችሉ መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ሲኬድ አሮጌዎቹን በኪስ ይዞ ነው፤ ፎቷቸውን ሳይሆን።