ትንሽ ነው የቀረው

ባለፈው እሑድ ወጨጫ ተራራ ላይ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ልጅ አራት ጊዜ ዋሸኝ። አራቱንም ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ትንሽ ነው የቀረው»። የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ እንደሄድን ነገረኝ፣ አመንኩት። ሁለተኛውን ከአንድ ሰዓት በኋላ ነገረኝ፣ ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ አመንኩት። ሦስተኛው ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር። ክሩ አልተፈታም። አራተኛውን የተናገረው ከበላዬ ጉም ውስጥ ሆኖ ነው፤ ድምፁ እንጂ መልኩ አይታይም።

ልጁ የእግር ጉዞ ቡድናችን አስተባባሪ ነው። በየሳምንቱ አርባ የሚሆን የአዲስ አበባ ሰው በሁለት ኮስተር ጭኖ ወደ ተራራ ይወስዳል፤ «ቤተሰብ!» እያለ ይጠራናል። መነሻው 12 ሰዓት ነው ይባላል። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ግን አሁንም አንዲት ልጅ እንጠብቃለን። ሲደውሉላት «ደርሻለሁ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለች፤ ከኋላዋ የሻወር ውኃ ሲወርድ አርባችንም ሰማን።

በነገራችን ላይ፣ ዳገቱ መሀል አህያ የሚነዱ አዛውንት አግኝተን ነበር። «አባባ፣ ጫፉ ስንት ይቀረዋል?» አልናቸው። «ዺዮ ዻ» አሉን፤ ቅርብ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያም አገጫቸውን ቀና አድርገው ጠቆሙን። በጣት የተጠቆመ ቦታ ይደረስበታል፣ በአገጭ የተጠቆመ ግን ስንቅ ይፈልጋል። ቢሆንም እሳቸውን አልቀየምኩም፤ ገበያውም ለቅሶውም ሰርጉም በእግር ለሆነ ሰው በእርግጥ ቅርብ ነው። አስተባባሪያችን ግን ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ዳገት እንዴት ይዋሻል?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። እናቴ ትምህርት በከበደኝ ቁጥር ትነግረኝ ነበር፤ እሷ ስለ ትጋት ታወራለች፣ እኔ የምሰማው ግን ሌላ ነበር። እስቲ እንቁላሉን አስቡት። እግር ለማውጣት ሃያ አንድ ቀን ሙቀት ውስጥ ይተኛል፤ ከሃያ አንዱ ቀን በአንዱም አይራመድም። ፊሽካ የሚነፋበት የለም። ቤተሰብ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ቤተሰቡ ላዩ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት ክብ ሠርተው «ስምህን፣ ሙያህንና ሃይኪንግ ለምን እንደምትወድ ንገረን» አይሉትም። እኔን ግን አሉኝ። «ሐኪም አዞኝ ነው» ስል ተጨበጨበልኝ።

ጫካው ራሱ ምንም አይወጣለትም። የወጨጫው የሱባ ደን ማለት ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ጉሬዛው፣ ከታደሉም የምኒልክ ድኩላ ማለት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ለተከላው ቲሸርት አላሳተሙም። የእኛ ቡድን ግን ክረምት ላይ ሦስት መቶ ችግኝ ተክሎ ወደ ስድስት መቶ የሚጠጋ ፎቶ ተነስቷል፤ ችግኞቹን ተመልሶ ያየ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁመውና ልናደድ። እዚያ ጥድ ሥር አንድ ሰው ቦርሳው ላይ ስፒከር አንጠልጥሎ፣ ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ የከለከለኝን የጎረቤቴን ጭፈራ ቤት ዘፈን ይዞልኝ መጣ። 3,385 ሜትር ወደሚሆን ተራራ የምወጣው እኮ ያንን ዘፈን ለመሸሽ ነው! ጉሬዛዎቹ አንዴ አይተውን ሄዱ፤ እኔም ዛፍ መዝለል ብችል አብሬያቸው በሄድኩ። ከኋላ ደግሞ ባዶ ጠርሙስ እየጣሉ የሚሄዱ አሉ። ድሮ የገጠር ልጆች መኪና ሲያዩ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጡ ነበር፤ ባዶዋ ጠርሙስ ለውኃም ለዘይትም ዕቃ ነበረች። አሁን ማንም ሳይለምነን እንሰጣለን፣ ለጥዱ ሥር። አንዷን «እባክሽ እህቴ፣ አንሺው» ብላት «አይ፣ ስንመለስ አነሳዋለሁ» አለችኝ። የተመለስነው በሌላ መንገድ ነው።

እህቴ ያልኳት በጨዋነት ነው እንጂ ሴትየዋን አውቃታለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ወንጪ ላይ ሐይቁን ቁልቁል እያየን ብርድ ሲያንቀጠቅጣት ጋቢዬን ያለበስኳት እሷ ናት። እናቴ ራሷ ፈትላ ያሠራችው ጋቢ ነው። «መኪና ውስጥ እመልስልሃለሁ» አለች። መኪና ውስጥ ተኛች። የተኛ ሰው ላይ ጋቢ አይገፈፍም፤ አስተዳደጌ ነው የጎዳኝ። ከዚያ ወዲህ ጋቢዬን የማገኘው ቴሌግራም ላይ ብቻ ነው፤ ዝቋላ ላይ ታየ፣ አንኮበር ላይ ታየ፣ የረር ጫፍ ላይ እጁን ዘርግቶ ፎቶ ተነሳ። ጋቢዬ ከእኔ የበለጠ አገር አይቷል። አንዴ በውስጥ መስመር «የኔ ጋቢ ያምርብሻል» ብዬ ጻፍኩላት። የልብ ምልክት ላከችልኝ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ልጁ። ጫፍ ደረስን መሰለኝ፤ ጉም ስለነበር እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ ግን ከዚያ በላይ የሚወጣ ነገር አልነበረም። ፊሽካ ተነፋ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ፍርፍሩ ቀዝቅዞ ተበላ። ስንወርድ ጉልበቴን ይዤ «መኪናው ጋ ስንት ይቀራል?» አልኩት። ገና አፉን ሳይከፍት እጄን አንስቼ አስቆምኩት።

ማታ ስልኬን ስከፍት የሚቀጥለው ጉዞ ተለጥፏል፤ መንዝ፣ ጓሳ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እናያለን ይላል። የእግር መንገዱ ትንሽ ነው ይላል። ብርዱ ከባድ ስለሆነ ሁሉም ሰው ጋቢ እንዲይዝ ይላል። እሷ ከሁሉም ቀድማ «አለሁ» ብላለች።

እኔም ተመዘገብኩ።