ዒላማው አይሮጥም

አካል ጉዳት ያለበት ወጣት ስፖርት መጀመር ሲያምረው እኛ አገር ቶሎ የሚነገረው ሩጫ ነው። አይፈረድብንም። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ወርቅ ስታመጣ ያልፈነደቀ ማን አለ? ግን የጎንደርን ዳገትና ኮብልስቶን በዊልቸር የሞከረ ሰው ሜዳ ሳይደርስ ነው የሚደክመው። ለእሱ ቀስት ይሻላል ባይ ነኝ።

«ቀስት ውርወራ» እንለዋለን እንጂ የሚወረወር ነገር የለውም። ደጋኑ ይሳባል፣ ፍላጻው ይለቀቃል። ዒላማው ደግሞ የትም አይሄድም። ተቀምጠህም ቆመህም መተኮስ ትችላለህ። እጅ የሌለው አሜሪካዊው ማት ስቱትዝማን ደጋኑን በእግሩ ይዞ ነው ፓሪስ 2024 ላይ ወርቅ የወሰደው። ማየት ለተሳናቸውም መላ አለ፤ እጃቸውን የሚነካ ማነጣጠሪያ ተተክሎላቸው ይተኩሳሉ።

የፓራሊምፒክ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ ስቶክ ማንደቪል በተባለ የእንግሊዝ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ 16 ጉዳተኞች በቀስት ተወዳደሩ። ያሰናዳው ሐኪማቸው ሉድቪግ ጉትማን ነበር። ስታዲየም አልጠበቀም።

እኛስ ምን እንጠብቃለን? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒም ስፖርት ሳይንስም ያስተምራል። ሁለቱ ተነጋግረው ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጥግ ቢለቁ ይበቃል። በትልቅ ውድድር ርቀቱ 50 ወይም 70 ሜትር ነው፤ ጀማሪ ግን ከ10 ሜትር ይነሳል። ዒላማውን ጭድ በጆንያ ጠቅጥቆ መሥራት ይቻላል። ጭድ ደግሞ እኛ ጋ አይጠፋም። ደጋኑ ነው ችግሩ፤ ከውጭ መምጣት አለበት፣ ርካሽም አይደለም። ቢሆንም አንድ ቀላል ደጋን ለብዙ ሰው ተራ በተራ ይሆናል። እስኪመጣ ድረስ በላስቲክ እየሳቡ ትከሻን ማለማመድ ነው፤ የትም አገር ጀማሪ እንዲህ ይለማመዳል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። ከዒላማው ጀርባ የአፈር ቁልል ወይም ግድግዳ ይኑር፤ ፊሽካ ሳይነፋ ማንም ወደ ዒላማው አይሂድ። መስቀል አደባባይ ላይ እንሞክረው የሚል ካለ ይቅርብን።

ቦታ ስትመርጡ ደግሞ መጀመሪያ መጸዳጃ ቤቱን እዩት። በሩ ዊልቸር ካላስገባ፣ ሰውየው በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም።