ሞኝና ደረሰኝ

ዛሬ ጠዋት በሆቴሉ የቁርስ ጠረጴዛ ላይ ዋሸሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ጥያቄውም ቀላል ነበር። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ «ከአየር ማረፊያው በስንት መጡ?» አሉኝ። የመጣሁት 60 ከፍዬ ነው። «በ30» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንኳን አልተደናቀፈም። ሴትዮዋ ማንኪያቸውን አስቀመጡና በርኅራኄ እያዩኝ «እኔ በ25» አሉ። ከጎናቸው የነበረው ወጣት ደግሞ በ20። አንድ ሰው ቢጨመር በነጻ የመጣ፣ ሁለት ሰው ቢጨመር ሾፌሩ ከፍሎት የመጣ መንገደኛ መገኘቱ አይቀርም ነበር።

ሰው አገር ሄዶ የተበላ ሰው ይህ አመል አለው። ገንዘቡን ሌላው ይወስድበታል፤ የቀረችውን ክብሩን ግን ራሱ በውሸት ይጠግናታል። የእኔን ልንገራችሁ።

ትናንት ማታ የገባሁበት ታክሲ ቆጣሪ ነበረው። በላዩ ላይ ግን የአስከሬን ፊት እንደሚሸፈነው ትንሽ ፎጣ ተጥሎበታል። «ተበላሽቷል» አለኝ ሾፌሩ፣ በእውነተኛ ሐዘን። መቼ? «ዛሬ።» ቆጣሪ የሚበላሸው ሁልጊዜ ዛሬ ነው፤ ትናንት የተበላሸ ቆጣሪ አጋጥሞኝ አያውቅም። ትራፊክ መብራት ላይ ስንቆም ከፎጣው ጫፍ ሥር ቀይ ቁጥር ብልጭ ሲል አየሁ። ሟቹ ይቆጥር ነበር! ሾፌሩም እንዳየሁ አየ። ፎጣውን ጎተት አድርጎ አስተካከለለት። እኔ ምን አልኩ? ምንም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ለራሴ ተረትኩ። ለአገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ የሆነ ሰው፣ ያውም በሌሊት፣ ሻንጣው በሰው መኪና ተቆልፎበት ሳለ ስለ ቁጥር አይከራከርም።

የሚያናድደኝ ግን ይህ ዕቃ የትናንት አለመሆኑ ነው። ቪትሩቪየስ የሚባለው ሮማዊ መሐንዲስ ከ2,000 ዓመት በፊት መንገድ የሚቆጥር ሠረገላ እንዴት እንደሚሠራ ጽፎ ነበር። መንኮራኩሩ 400 ጊዜ ሲዞር አንድ የሮማ ማይል ይሞላል፤ ያኔ አንዲት ጠጠር ከነሐስ ዕቃ ውስጥ ኳ ብላ ትወድቃለች። ሲደርሱ ጠጠሩን መቁጠር ነው። ጀርመናዊው ብሩን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1891 የታክሲ ቆጣሪ ሠራ። «ታክሲ» የሚለው ቃል ራሱ የወጣው ከዚሁ መሣሪያ ስም ነው። እንግዲህ ቆጣሪው ተበላሽቷል የሚል ባለታክሲ መኪናው ስሙን እንዳጣ እየነገረን ነው። ለስም አልባ መኪና 60!

አንዳንድ ከተሞች ጭቅጭቁ ስለሰለቻቸው ከአየር ማረፊያ የሚነሳውን ታክሲ በቁርጥ ዋጋ አስረውታል። ከፓሪሱ ሻርል ደ ጎል ወደ ወንዙ ቀኝ ዳርቻ 56 ዩሮ፣ ወደ ግራው 65። ከኒው ዮርኩ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ወደ ማንሃታን 70 ዶላር፣ የመንገድ ክፍያና ጭማሪዎች ሳይቆጠሩ። ዋጋው ርካሽ ባይሆንም ቢያንስ ፎጣ አልለበሰም። ታዲያ ይህን ሁሉ ካወቅህ ሳትነሳ የከተማውን ደንብ ለምን አላነበብህም የሚለኝ አይጠፋም። ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ ላንብብ?

«ደረሰኝ ጠይቅ» የሚለው ምክርም አለ። ወደምወደው ተረት የሚወስደኝ እርሱ ነው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለዚህ ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ልዩ ፍቅር አለኝ፤ ሁለት ዘመዳሞችን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማገናኘቱ ያስደንቀኛል። ነገር ግን ተረቱን የተረተው ሰው የዘመኑን ደረሰኝ አላየም። ይህ ወረቀት ላይ ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ የሚጻፍበት በሙቀት ነው። ሙቀት የጻፈውን ደግሞ ሙቀትና ጊዜ ያጠፉታል። ከዓመታት በፊት በአንድ ባዕድ ከተማ አንድ ሻጭ ካርዴን ማሽኑ ውስጥ ከተተ። ማሽኑ በአገሩ ገንዘብ ላስከፍል ወይስ በካርዱ አገር ገንዘብ ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው እኔን ነበር። በካርዱ አገር ገንዘብ ብሎ የመለሰለት ግን ሻጩ ነው፤ በአውራ ጣቱ፣ ወደ እኔ ፈገግ እያለ። «ለእርስዎ እንዲመች ብዬ ነው» አለኝ። የምንዛሪው ተመን በዚያው በማሽኑ በኩል ተሰልቶ፣ ትርፍ ተጨምሮበት፣ ሂሳቡ እንዳበጠ የገባኝ አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው። በአገሩ ገንዘብ ብከፍል ኖሮ ተመኑን የሚያወጣው የካርዱ ድርጅትና የራሴ ባንክ ነበሩ፤ እነርሱም ጻድቃን ባይሆኑ እንኳን አብዛኛውን ጊዜ ይሻላሉ። የአውሮፓ ኅብረት ይህች ጨዋታ ገብታው ከሚያዝያ 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትርፉ ከመክፈል በፊት በግልጽ እንዲነገር አስገድዷል። የእኔ ሻጭ ግን የነገረኝ ስለ ምቾቴ ብቻ ነበር።

ያንን ደረሰኝ አንድ ቀን እከራከርበታለሁ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ዓመት ያዝኩት። ቆይቼ ባወጣው ነጭ ሆኗል፤ አንዲት ቁጥር የለበትም። ወረቀቱ የያዘውን ለቀቀ። አልለቅም ያለው ሞኙ ብቻ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ እየነገራችሁ ነው።

ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ በማኅተም የሚሠራ አለ። የታጅ ማሃል መግቢያ ለህንዳዊ 50 ሩፒ፣ ለባዕድ 1,100 ሩፒ ነው፤ ዋናው መቃብር ውስጥ ለመግባት ለሁለቱም 200 ይጨመራል። የጥንታዊቷ ከተማ የፔትራ መግቢያ ለዮርዳኖሳዊ 1 ዲናር፣ አገሩ ለሚያድር ባዕድ የአንድ ቀን 50 ዲናር። ይህን ማጭበርበር ብዬ አልጠራውም፤ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ የአገሩ ሰውም በግብሩ ያቆመውን ቅርስ በርካሽ ቢያይ አልመቀኝም። እስማማለሁ። ሃያ ሁለት እጥፍ፣ ሃምሳ እጥፍ ሲሆን ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሰልፉ ላይ ቆሜ ደሜ ይፈላል! እዚያው አውሮፓ ውስጥ ስፔን ለዜጎቿ ሙዚየሞቿን በነጻ ከፍታ ከሌሎች የአውሮፓ ማኅበረሰብ አገሮች በመጡ ጎልማሶች ላይ ስታስከፍል ተከሳ እ.ኤ.አ. በ1994 ተረትታለች። ፍርዱ የጠቀመው ግን ለአውሮፓውያን ነው። እኔን የመሰለው መንገደኛ ከዚያ ማኅበር ውጭ ነው፤ የሚረታለት የለም፤ ይከፍላል፣ ከዚያም ለጓደኞቹ በግማሽ ገባሁ ይላል።

ለካ የተነሳሁት ከውሸቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 አራት ጃፓናውያን ተማሪዎች ቬኒስ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ገብተው አራት ጥብስ ሥጋ፣ አንድ ሳህን የተጠበሰ ዓሣና ውኃ አዘዙ። ሂሳቡ 1,100 ዩሮ መጣ። ከፈሉ፤ ምን ያድርጉ? ወደሚማሩበት ወደ ቦሎኛ ሲመለሱ ግን ፖሊስ ጣቢያ ገብተው ተናገሩ። ወሬው ዓለምን ዞረ፤ ተቆጣጣሪዎችም ምግብ ቤቱን ፈትሸው ቀጡት። እኔን የገረመኝ ቅጣቱ አይደለም። ልጆቹ 1,100 ከፍለው 1,100 አሉ። 550 አላሉም። በየቁርስ ጠረጴዛው 60 ከፍለን 30 የምንል እኛ ግን የሾፌሩን ፎጣ አጥበን የምንመልስለት እኛው ነን።

በዚህ ስሜት ተሞልቼ ከሰዓት በኋላ ወደ እንግዳ መቀበያው ወረድኩ፤ ነገ የሚወስደኝ ታክሲ እንዲጠሩልኝ። ሠራተኛው ስልኩን እንዳነሳ «ሲመጡ ስንት ከፍለው ነበር?» አለኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ግን የጠዋቷ ሴትዮ ቁልፋቸውን ለመቀበል ተሰልፈዋል።

«30» አልኩ።

ሠራተኛው ስልኩን መልሶ አስቀመጠው። «30? ጌታዬ፣ ይህ እኮ የ15 መንገድ ነው!»

ዞር ብዬ ባለ 25ቷን ሴትዮ አየሁ። እርሳቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእሳት አደጋ መመሪያ በከፍተኛ ጥሞና እያነበቡ ነበር።