ጂፕሰም እንጨት አይሆንም

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የቆየ ቤት ሊታደስ ነው ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። ሰሞኑን ግን ሥራውን የሚመሩት ኃላፊ የበርና የመስኮቱ የእንጨት ክፈፍ በጂፕሰም እንደሚተካ ተናገሩ። ምክንያታቸው? «ቀለም ከተቀባ በኋላ ከሩቅ ማን ይለየዋል?»

ከሩቅ! በር ከሩቅ አይከፈትም። ክፈፍ ትከሻ የሚታከከው፣ ወንበር የሚገጨው ነገር ነው። ጂፕሰም አንዴ ከተገጨ ይፈረፈራል፤ የክረምት እርጥበት ካገኘው ይላሽቃል። የድሮው ክፈፍ የተሠራበት የሐበሻ ጥድ ግን ምስጥ እንኳ የማይደፍረው እንጨት ነው።

ደግሞ «የድሮውን ክፈፍ ቅርጽ እንጨት ላይ የሚያወጣ ባለሙያ የለም» ይሉናል። ያናደደኝ ይሄ ነው። ልኩን ለመውሰድ ከበሩ ጀርባ ሳይጎዳ የቀረ አንድ ክንድ ክፈፍ ይበቃል። መጀመሪያ ቀለሙ ይፋቅ። በላይ በላዩ የተቀባው የዘይት ቀለም ቦዩን ሞልቶታል፣ ጠርዙን አድበልብሎታል። ሳይፋቅ የተወሰደ ልክ የቀለሙ እንጂ የእንጨቱ ልክ አይደለም። ከዚያ የክፈፉን ጫፍ ካርቶን ላይ አቁሞ ዙሪያውን በሹል እርሳስ ማስመር ነው። ያው መልክ የመላጊያ ምላጭ ላይ ተገላብጦ ይሞረዳል፤ ክፈፉ ላይ ጉብ ያለው ምላጩ ላይ ይጎደጉዳል። የቀረው መላግ ነው። የደብረ ብርሃን አናጺ ይሄ ያቅተዋል የሚል ሰው አናጺ ቤት ረግጦ አያውቅም።

እንጨቱስ? ጥድ ከጫካ ይቆረጥ ያለ የለም፤ የወፍ ዋሻን ደን ማንም አይንካ። አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣው ጥድ ለማገዶ ከሚሄድ ለዚህ ይዋል። ዘመን ያደረቀው ስለሆነ እንደ እርጥብ ባህር ዛፍ አይጣመምም። ከጂፕሰም ይወደዳል፣ እሺ። ጂፕሰሙ በተፈረፈረ ቁጥር የሚወጣውንም ወጪ ይደምሩልን።

«አዲስ ሠርቶ አሮጌ ማስመሰል ማጭበርበር ነው» የሚሉም አልጠፉም። ስለ ቅርስ እድሳት በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የቬኒስ ቻርተር፣ የጎደለው ሲተካ ከቀሪው ጋር ይስማማ፣ ከዋናው ግን ይለይ ይላል። አዲሱ ክፈፍ ጀርባ ላይ ዓመተ ምሕረቱን በመሮ መቅረጽ ነው፤ በቃ። ማጭበርበርስ ጂፕሰም ቀብቶ እንጨት ማስመሰል ነው!

የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ እንዳይጠገን ይከለክላል። ስለዚህ የጂፕሰሙን ፈቃድ ማን እንደሰጠ ይነገረን። እስከዚያው ክፈፍ መንቀሉ ይቁም። የተነቀለውም ከየትኛው በር እንደወጣ ተጽፎበት ይቀመጥ፤ እሱ ከተጣለ ልኩ ከየትም አይገኝም።