ቦርጬ ሆይ፣ እደግ ተመንደግ!

ትዕግስት ከዓለም ጠፋ የሚል ሰው ካለ ሊፍት በር ላይ ቆሞ ይመልከት። ወደ 2ኛ ፎቅ የሚወጣ ጎልማሳ ቁልፉን ተጭኗል። ሊፍቱ 9ኛ ላይ ነው። እንደገና ይጫናል። 7ኛ ላይ ቆመ። አሁን በአውራ ጣቱ፣ ጠበቅ አድርጎ ይጫነዋል። ደረጃው እዚያው አጠገቡ ነው፤ ዞር ብሎ እንኳ አያየውም። ሌላው ሰው ሁለት ጊዜ ወጥቶ በወረደበት ሰዓት የእኛ ሰው ቀበቶውን ከቦርጩ ስር እያስተካከለ ይጠብቃል። ይህን ጽናት ሳያደንቁ ማለፍ ነውር ነው።

አንዳንዱ ስንፍና ይለዋል። በፍጹም! ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ቦርጩ ሥራ ላይ ነው። ድሮ ስብ ማለት ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጉልበት ብቻ ይመስለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ሌፕቲንን ሲያገኝ ግን የቦርጭ ክብር ከፍ አለ። ለካ ስብ ሆርሞን ያመርታል! ሌፕቲን ወደ አንጎል እየሄደ «ስንቅ ሞልቷል፣ ይብቃህ» ይላል። ስብ ሲጨምር ሌፕቲንም ይጨምራል። ታዲያ ባለ ትልቅ ቦርጭ የምግብ ፍላጎቱ መዘጋት አልነበረበትም? አንጎል ግን ሲነገረው፣ ሲነገረው፣ መስማቱን ይተወዋል። በምክር ከማይበገር ሰው ሌላ ምን ይጠበቃል።

አዲፖኔክቲን የሚባልም አለ። ይሄኛው ጉበትና ጡንቻ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊንን እንዲታዘዙ የሚያግዝ ደግ ሆርሞን ነው። የሚያመርተው ያው ስብ ነው። የሚገርመው ግን ስብ በበዛ ቁጥር እሱ ይቀንሳል። በምትኩ ቲኤንኤፍ አልፋን የመሳሰሉ፣ ሰውነትን የሚያስቆጡና የኢንሱሊንን ትዕዛዝ የሚያደናቅፉ ነገሮች ይበረክታሉ። በተለይ ሆድ ውስጥ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚከማቸው ስብ በዚህ የታወቀ ነው። ጭንና ዳሌ ላይ ከቆዳ ስር የተኛው በአንጻሩ ጨዋ ነው፤ ብዙም ሰው አያስቸግርም። እኛ ታዲያ ለይተን የምናሳድገው የትኛውን ነው? የሸሚዙን ቁልፍ ጠይቁት።

ከዚያ ኢንሱሊን ሬዚስታንስ የሚሉት፣ ሰውነት ኢንሱሊንን አልሰማም ማለቱ፣ ይመጣል። ምግብ ተበላ፣ ስኳሩ ደም ውስጥ ገባ። ኢንሱሊን ሄዶ የጡንቻን በር ያንኳኳል። ጡንቻ ዝም! ከእራት በኋላ ከሚገባው ስኳር ትልቁን ድርሻ መቀበል የነበረበት እሱ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ ማን ሥራ ሰጠው? ቆሽት ይደነግጥና ተጨማሪ ኢንሱሊን ይልካል። ነገም ይጨምራል። ለዓመታት እንዲህ ሊቀጥል ይችላል። የደም ምርመራው ላይ ስኳሩ ደህና ሆኖ ይወጣል፣ እኛም «ኖርማል ነኝ» ብለን ደረታችንን እንነፋለን። ቆሽት ትርፍ ሰዓት እንደሚሠራ ማን አየበት? ክፍያ አይጠይቅ።

ስፖርተኞች ይህን የተረጋጋ ኑሮ ሲያበላሹ ማየት ያሳዝናል። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ሥርዓት የለውም። በተኮማተረ ቁጥር ግሉት 4 የተባለውን ስኳር አስገቢ ፕሮቲን ወደ ህዋሱ ገጽ ያወጣል። ኢንሱሊን ሳያንኳኳ በሩን ከውስጥ ይከፍታል ማለት ነው! ድፍረቱ ደግሞ በዚያ አያበቃም። ከአንድ ጥሩ እንቅስቃሴ በኋላ ጡንቻው ለኢንሱሊን ያለው ታዛዥነት አንድ ሁለት ቀን ከፍ እንዳለ ይቆያል። ከዚያ እንቅስቃሴው ካልተደገመ ይጠፋል። «ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ» ለሚለው ወንድማችን ይህ ትንሽ ቅር ሳያሰኝ አይቀርም።

ደግነቱ እኛ ዘዴ አናጣም። አንዱ ሁለት ሳምንት በእግሩ ሄደና ሚዛን ላይ ወጣ። ያው ነው። «ሚዛኑ ካልተንቀሳቀሰ እኔስ ለምን እንቀሳቀሳለሁ» ብሎ ተወው። ክብደት ሳይቀንስም ጡንቻ ኢንሱሊንን ይበልጥ መስማት እንደሚጀምር የሚነግረው ሰው ነበር፤ እሱ ግን ወሬ አይወድም። ሌላዋ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ገዝታለች። ማታ ሶፋ ላይ ጋደም ብላ፣ ፊልሙን እያየች፣ ክንዷን ታወዛውዛለች። የጎደላትን እርምጃ ስትሞላ ሰዓቱ ርችት ይተኩስላታል።

አሜሪካ ውስጥ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። አንዱ ቡድን አመጋገቡን አስተካክሎ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስና ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስ ተመከረ። ሌላው ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት ዋጠ። መድኃኒት የሌለበትን የማስመሰያ ኪኒን ከዋጡት ጋር ሲነጻጸር፣ ሜትፎርሚኑ በበሽታው የመያዝ ዕድልን በ31 በመቶ ቀነሰ። እንቅስቃሴውና አመጋገቡ በ58 በመቶ።

ቁጥሩን አንክድም። ግን ኪኒን ቁጭ ብሎ ይዋጣል። ውሃውንም ሰው ያቀብላል።